2147483647፦ ከኦይለር ደብዳቤ እስከ 2030 ዓ.ም. የጥምቀት ማለዳ

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማክሰኞ ይውላል። በዚያ ዕለት ንጋት፣ ታቦታቱ በየጥምቀተ ባሕሩ አድረው፣ ነጭ የለበሰው ምእመን ጸበል እስኪረጭ በሚጠባበቅበት ሰዓት፣ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ በርካታ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ውስጥ የተቀመጠ አንድ ቆጣሪ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ይደርሳል። ቅጽበቱ ከወዲሁ በትክክል ይታወቃል፤ በአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። በዱባይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ14፣ በኢየሩሳሌም ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ14፣ በስቶክሆልም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ14 ይሆናል። በዋሽንግተን ደግሞ ገና የከተራው ዕለት ሰኞ ሲሆን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው።

ቆጣሪው የሚደርስበት ቁጥር 2147483647 ነው። በቃል ስንጠራው ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት እንለዋለን። በግእዝ አኃዝ ሲጻፍ ደግሞ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ይሆናል።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ቁጥር ከማንኛውም ረጅም የስልክ ቁጥር የሚለይ አይመስልም። ዳሩ ግን የሒሳብ ሊቃውንት ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ሲመረምሩት ኖረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ለዘለዓለም ጥቅም የማይሰጥ እንደሆነ አድርጎ ጽፎለታል። ዛሬ ግን ቁጥሩ በኪሳችን በሚገኝ ስልክ፣ በምንሳፈርበት አውሮፕላን፣ ገንዘብ በምንልክበት ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከቁጥሩ ጋር የተዋወቀው በሒሳብ መጽሐፍ ሳይሆን በስሕተት ነው። በውጭ አገር የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንድ መለኪያ መሣሪያ በሰከንድ 60 ሺህ ያህል ምልክቶችን እየተቀበለ የሚቆጥር አነስተኛ ፕሮግራም ጽፌ ሌሊቱን እንዲሠራ ትቼው ሄድሁ። ጠዋት ስመለስ ቆጣሪው ከዜሮ በታች በቢሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ያሳያል። ሽቦው ተፈቶ እንደሆነ፣ መሣሪያውም ተበላሽቶ እንደሆነ እየመረመርሁ ግማሽ ቀን አጠፋሁ። ጉድለቱ ግን የሽቦውም የመሣሪያውም አልነበረም። ፕሮግራሙን ስጽፍ ለቆጣሪው የሰጠሁት ቦታ ጠባብ ነበር፤ ሥራ ከጀመረ አሥር ሰዓት ገደማ ሲሆነው ጣሪያውን ነክቶ ተገልብጧል።

ሠላሳ አንድ አምፖሎች

ጣሪያው ከየት እንደመጣ ለመረዳት በአንድ ረድፍ የተደረደሩ 31 አምፖሎችን እናስብ። የመጀመሪያው አምፖል ሲበራ 1፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4፣ አራተኛው 8 ይወክላል እንበል፤ እያንዳንዱ ከበፊተኛው እጥፍ ነው። በዚህ አካሄድ ሠላሳ አንደኛው አምፖል ብቻውን 1073741824 ይወክላል። የትኞቹ በርተው የትኞቹ እንደጠፉ በመለዋወጥ ማንኛውንም ቁጥር ከዜሮ ጀምሮ መጻፍ ይቻላል። ለምሳሌ አንደኛውና ሦስተኛው ብቻ ቢበሩ 1 እና 4 ተደምረው 5 ይሆናሉ።

ሁሉም 31 አምፖሎች በአንድነት ቢበሩ ድምሩ 2147483647 ይመጣል። ከዚህ በላይ አንድ እንኳ ለመጨመር ሠላሳ ሁለተኛ አምፖል ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር ቁጥሩ ሁለትን 31 ጊዜ አባዝተን ከውጤቱ አንድ የቀነስንለት ነው። ኮምፒውተር በአንድና በዜሮ ብቻ ስለሚቆጥር፣ ለእኛ ዝብርቅርቅ የሚመስለው ይህ አሥር አኃዝ ለእርሱ 31 አንዶች በተርታ የተሰለፉበት ነው።

ብቸኛነቱ እንዴት ተረጋገጠ?

ከአንድ የሚበልጥ ሆኖ ከአንድና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር፣ በተለምዶም ፕራይም ይባላል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 የዚህ ወገን ናቸው። ሁለትን ደጋግሞ አባዝቶ አንድ በመቀነስ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ የራሳቸው ስም አላቸው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ መነኩሴ በማራን መርሴን ስም የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ። 3፣ 7፣ 31 እና 127 የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው።

ውጤቱ ብቸኛ እንዲሆን ሁለት የሚባዛበት ጊዜ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። 11 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ሁለትን 11 ጊዜ አባዝተን አንድ ስንቀንስ የምናገኘው 2047 ግን የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እጩ በየተራው መመርመር አለበት።

ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የ17ን እና የ19ን እጩዎች፣ ማለትም 131071ን እና 524287ን፣ በትዕግሥት አካፍሎ ብቸኛነታቸውን አረጋገጠ። ከዚያም 23፣ 29፣ 31 እና 37ም ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ ሲል ጨመረ። ከአራቱ ትክክል ሆኖ የተገኘው 31 ብቻ ነው። መርሴንም እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር 31ን አካትቷል፤ በዚያው ዝርዝር ግን 67ን እና 257ን በስሕተት አስገብቶ 61፣ 89 እና 107ን ዘልሏል። እንግዲህ ስለ 2147483647 የተነገረው እስከዚያ ጊዜ ድረስ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አልነበረም።

ማረጋገጫው የመጣው ከሊዮንሃርድ ኦይለር ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ በዚያ ዘመን በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር፤ ዓይኑም ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1772 ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩ በእርግጥ ብቸኛ መሆኑን አሳወቀ።

እንዴት ቻለ? አንድ ቁጥር አካፋይ ካለው፣ ከአካፋዮቹ ቢያንስ አንዱ በራሱ ቢባዛ ከቁጥሩ የማይበልጥ መሆን አለበት። ለእኛ ቁጥር ይህ ወሰን 46340 ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች ወደ 4800 ይጠጋሉ። እያንዳንዱን መሞከር በእጅ ለሚያሰላ ሰው የወራት ሥራ ነው። ኦይለር ግን አካፋይ ሊሆኑ የማይችሉትን አስቀድሞ የሚያጣራ ወንፊት ነበረው። እንደ ሕጉ፣ የዚህ ቁጥር ማንኛውም አካፋይ ለ62 ሲካፈል፣ ማለትም ለ31 እጥፍ፣ ቀሪው 1 መሆን አለበት፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት።

አንባቢ ሕጉን በትንሹ ምሳሌ ራሱ ሊፈትነው ይችላል። የ2047 አካፋዮች 23 እና 89 ናቸው። ሁለቱም ለ22፣ ማለትም ለ11 እጥፍ፣ ሲካፈሉ 1 ይቀራል። ለ8 ሲካፈሉ ደግሞ ለ23 ቀሪው 7፣ ለ89 ቀሪው 1 ነው። ሕጉ ሠርቷል።

በ2147483647 ላይ ሁለቱ ቅድመ ሁኔታዎች ሲጣመሩ፣ ከወሰኑ በታች ካሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ብቸኛ ቁጥሮች መካከል ወንፊቱን የሚያልፉት መቶ እንኳ አይሞሉም። ከእነርሱ አንዱም ቁጥሩን ያለ ቀሪ አላካፈለውም። የወራት ሥራ የቀናት ሥራ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በቁጥሮች መዝገብ ውስጥ ያለው ስፍራ

የቁጥር ሊቃውንት ቁጥሮችን እንደ ዕፅዋት በወገንና በዝርያ ይመድባሉ። 2147483647 በመጠን ቅደም ተከተል ስምንተኛው የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ነው። ከዚህም በላይ ሁለት የሚባዛበት ጊዜ ብዛት የሆነው 31 ራሱ የመርሴን ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ፣ ድርብ መርሴን በሚባለው እጅግ ጠባብ ወገን ውስጥ ይገባል። በዚህ ወገን እስካሁን የሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች አራት ብቻ ናቸው፤ 7፣ 127፣ የእኛው ቁጥር፣ እንዲሁም 39 አኃዝ ያለው አንድ ግዙፍ ቁጥር።

ሌላም ጠባይ አለው። ለ8 ሲካፈል ቀሪው 7 ስለሆነ የሦስት ስኩዌር ቁጥሮች ድምር ሆኖ ሊጻፍ አይችልም፤ የግድ አራት ያስፈልጉታል። ትንሹ ዘመዱ 7ም እንዲሁ ነው፤ 4 ሲደመር 1 ሲደመር 1 ሲደመር 1 ካልሆነ በቀር አይገኝም።

ጎረቤቶቹም ከእርሱ ፈጽሞ የተለዩ ናቸው። በአንድ የሚበልጠው 2147483648 ሁለትን ብቻ ደጋግሞ በማባዛት የሚገኝ ነው። በአንድ የሚያንሰው 2147483646 ደግሞ በ2፣ በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ31፣ በ151 እና በ331 ይካፈላል። በእነዚህ ብዙ አካፋይ ባላቸው ሁለት ቁጥሮች መካከል የቆመው ቁጥር አካፋይ የለውም።

ከሁሉ ይልቅ የጥንቶቹን ትኩረት የሳበው ግን ከፍጹም ቁጥሮች ጋር ያለው ዝምድና ነው። ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በታች ያሉ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው። ለ6 አካፋዮቹ 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ድምራቸውም 6 ነው። ዩክሊድ እያንዳንዱ የመርሴን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚያስገኝ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት አሳይቷል። 2147483647 ሠላሳ አንደኛው አምፖል በሚወክለው በ1073741824 ሲባዛ ስምንተኛውን ፍጹም ቁጥር ይሰጣል፤ እርሱም 2305843008139952128 ነው።

የባርሎው ትንበያ

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ስለ ቁጥሮች ጠባይ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ፍጹም ቁጥር ጠቅሶ፣ ከእርሱ የሚበልጥ ወደፊት ይገኛል ብሎ እንደማይጠብቅ ጻፈ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች አስደናቂ ከመሆን በቀር ጥቅም ስለሌላቸው ከዚህ አልፎ የሚደክም ሰው አይኖርም የሚል ነበር።

ሁለቱም ግምቶች አልሠሩም። ፈላጊዎቹ አላቆሙም፤ ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካ እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ 39 አኃዙን ቁጥር ብቸኛነት አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን በሚያስተባብሩበት ዓለም አቀፍ ፍለጋ ውስጥ ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ሁለትን 136279841 ጊዜ አባዝቶ አንድ በመቀነስ የሚገኘውን ብቸኛ ቁጥር አገኘ። ያ ቁጥር ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዝ አለው።

ጥቅም የለውም የተባለውም ቢሆን ጥቅም አግኝቷል። ኮምፒውተሮች ለጨዋታም ሆነ ለሳይንሳዊ ስሌት የዕጣ ዓይነት ቁጥሮች ማውጣት ያስፈልጋቸዋል። ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ነው፤ የቀደመውን ቁጥር በ16807 አባዛ፣ ውጤቱን ለ2147483647 አካፍል፣ ቀሪውን እንደ አዲስ ዕጣ ውሰድ። አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር በመሆኑና አባዢውም ለእርሱ እንዲስማማ ተመርጦ በመወሰዱ፣ ዘዴው ከሁለት ቢሊዮን በላይ የሆኑትን ቁጥሮች አንድም ሳይደግም ካዳረሰ በኋላ ብቻ ወደ መነሻው ይመለሳል። ዛሬ ለጥብቅ ምስጢር ጥበቃ አይበቃም፤ ለብዙ ዓመታት ግን ዝቅተኛ መመዘኛ ሆኖ አገልግሏል።

ጣሪያውን የነኩት

ቁጥሩ በይበልጥ የተስፋፋው ግን በብቸኛነቱ ሳይሆን በ31 አንዶቹ ነው። ለረጅም ጊዜ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ቁጥርን በ32 ቢት፣ በምሳሌያችን በ32 አምፖሎች፣ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ከእነዚህ አንዱ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወይም በታች መሆኑን ለመለየት ይያዛል። ለመጠኑ የሚተርፉት 31 ናቸው። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር 2147483647 ይሆናል። በእርሱ ላይ አንድ ሲጨመር 31ዱ አምፖሎች ጠፍተው የምልክቱ አምፖል ይበራል፤ ማሽኑም ቁጥሩን ከዜሮ በታች 2147483648 ብሎ ያነበዋል። በእኔ ፕሮግራም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘው የደቡብ ኮሪያ ዘፈን በዩቲዩብ የታየበት ጊዜ ብዛት ከዚህ ቁጥር አለፈ። ኩባንያው ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳድጎ ስለነበር ጉዳት አልደረሰም። የአዲሱ ጣሪያ መጠን 9223372036854775807 ነው። ይህኛው ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ ለ7 ይካፈላል።

በቀጣዩ ዓመት የተሰማው ግን ከዘፈን የከበደ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ የቦይንግ 787 አውሮፕላን የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይቋረጥ ለ248 ቀናት ከቆየ የጄኔሬተሮቹ መቆጣጠሪያዎች በአንድነት ሊጠፉ እንደሚችሉ አስታወቀ። ምክንያቱ በውስጣቸው ያለ የሶፍትዌር ቆጣሪ መሙላቱ ነው። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል፤ በሰከንድ አንድ መቶ ጊዜ የሚቆጥር መሣሪያ 2147483647 ላይ ለመድረስ 248 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ጊዜያዊው መፍትሔ አውሮፕላኑን በየተወሰነ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማጥፋትና እንደገና ማስነሳት ነበር። ይህን አውሮፕላን ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው፣ በነሐሴ 2004 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመሆኑ ጉዳዩ ለብዙ አንባቢዎቻችን ሩቅ አይደለም።

የጥምቀት ማለዳው

አሁን ወደ ተነሣንበት ማለዳ እንመለስ። ዩኒክስ በተባለው ሥርዓትና ከእርሱ በተወለዱት፣ ሊኑክስን ጨምሮ፣ ሰዓት ማለት የሰከንዶች ቆጠራ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 በግሪኒች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ ወርና ቀን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከዚያ ወዲህ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ብቻ ነው። ቆጠራው በ32 ቢት በተቀመጠባቸው ሥርዓቶች ጣሪያው የሚነካው እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038፣ ማለትም በ2030 ዓ.ም. ጥምቀት ነው። በቀጣዩ ሰከንድ ያልታረመ ማሽን ዘመኑን ወደ ኋላ መልሶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1901 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

የራሳችን የዘመን አቆጣጠር መኖሩ ከዚህ አያድነንም። እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ የነበረው የኮምፒውተሮች ሥጋት በእኛ 1992 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ቢውልም ማሽኖቹ የማንን ዘመን እንደምንቆጥር አልጠየቁም። ዛሬም በስልካችን ላይ መስከረምና ጳጉሜን የሚያሳየው መተግበሪያ ከሥሩ ያንኑ የሰከንድ ቆጠራ ወስዶ ነው የሚተረጉመው። መሠረቱ ከተዛባ ትርጉሙም ይዛባል።

መልካሙ ዜና ሥራው ከተጀመረ መቆየቱ ነው። አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በ64 ቢት ይቆጥራሉ፤ ያ ጣሪያ የሚነካው ከ292 ቢሊዮን ዓመታት በኋላ ነው። የሊኑክስ ማዕከላዊ ሶፍትዌርም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአሮጌ 32 ቢት ማሽኖች ላይ እንኳ በ64 ቢት ሰዓት መቁጠር እንዲቻል ተደርጎ ተዘጋጅቷል።

አሳሳቢዎቹ ማንም የማያያቸው መሣሪያዎች ናቸው። የኢንተርኔት ማሠራጫ ሳጥን፣ የሳተላይት ቴሌቪዥን ዲኮደር፣ የአሳንሰር መቆጣጠሪያ፣ የሆስፒታል መሣሪያ፣ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ፤ እነዚህ አንዴ ከተተከሉ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ይሠራሉ፤ ሶፍትዌራቸውንም የሚያድስ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሰዓቱ 1894 ዓ.ም. ላይ የወደቀ መሣሪያ ከሌሎች ጋር በምስጢር ለመገናኘት የሚቀርብለትን የደኅንነት ማረጋገጫ «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይመልሳል፤ ግንኙነቱም ይቋረጣል። አንዳንድ ሥርዓቶች ደግሞ ዕለቱ እስኪደርስ እንኳ ላይጠብቁ ይችላሉ። የሠላሳ ዓመት የቤት ብድር መጨረሻን ዛሬ የሚያሰላ ፕሮግራም ከ2038 ማዶ ያለ ቀን መጻፍ ግድ ይለዋል።

ይህ ጉዳይ በውጭ ለምንኖር ሰዎች አንድ የተለየ ገጽታ አለው። ያገለገለ ኮምፒውተር፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ፣ የአልትራሳውንድ ማሽን ለትውልድ ቀዬአችን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የምንልክ ብዙዎች ነን። እዚህ ከአገልግሎት የሚወጣው መሣሪያ እዚያ ለሌላ አሥር ዓመት ይሠራል፤ አሮጌ በመሆኑም ሰዓቱን በ32 ቢት የሚቆጥር የመሆን ዕድሉ ከአዲሱ ይልቅ ሰፊ ነው። ኮንቴይነሩ ከመታሸጉ በፊት ለአምራቹ ወይም ለሻጩ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ መሣሪያው ከጥር 2038 በኋላ ያሉ ቀኖችን ይቀበላልን? ሶፍትዌሩስ እስካሁን ይታደሳልን? ዕቃው በእጅ ላይ ከሆነ ደግሞ የተመዘገበ መረጃ ሳይገባበት ቀኑን ወደ 2039 አሻግሮ አጥፍቶ ማስነሳትና የሚያሳየውን ማየት ይቻላል። ሕሙማን በሚታከሙበት መሣሪያ ላይ ግን ይህን ሙከራ ለባለሙያ መተው ይገባል።

ኦይለር ከ250 ዓመታት በፊት ቁጥሩን በየትኞቹ አካፋዮች መፈተን እንዳለበት ለይቶ፣ የቀሩትን አንድ በአንድ ሞክሮ እርግጠኛ ሆነ። የዛሬዎቹ መሐንዲሶች ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የትኛው መሣሪያ ሊሳሳት እንደሚችል መለየት፣ የቀሩትን አንድ በአንድ መሞከር። እስከ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ድረስ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ አለ።